ከጉሮሮ እስከ መቅኔ

ስላይዱ ማይክሮስኮፑ ሥር ከተቀመጠ ቆይቷል። ሐኪሟ ግን ዓይኗን ገና አላሳረፈችበትም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ የላቦራቶሪውን መስኮት የሚቧጥጠውን የዛፍ ቅርንጫፍ ትመለከታለች። በዚህ ክፍል ውስጥ ዓመታት ተቀምጣ የስንቱን እንስሳ ሳንባና ጉበት አይታለች፤ እጇም ልቧም አመንትቶ አያውቅም። የዛሬው ግን ከገዛ ቤቷ የወጣ ነው። ከደረጃ ሥር ተወልዶ፣ በእናቷ ሳሎን ምንጣፍ ላይ እየተንደባለለ ያደገ፣ ጆሮው ገና መቆም ያልጀመረ ቡችላ ነበር። አሁን በስሱ ተቆርጦ፣ ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ጠጥቶ፣ በቀጭን መስታወት ላይ ተኝቷል።

«ዶክተር፣ ስላይድ እኮ አፍ አውጥቶ አይናገርም» አለች ከኋላዋ አክስቴ። አክስቴ የማንም አክስት አይደለችም፤ ሥጋውን በሰም አድርቃ የምትቆርጥ፣ ቀለም የምታጠጣ የላቦራቶሪው አንጋፋ ሠራተኛ ናት። ጽዳት ሠራተኛውም ኃላፊውም እንዲሁ «አክስቴ» ይሏታል። «ወይ እይው፣ ወይ ለሌላ ሰው እንስጠው።»

«አየዋለሁ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ‹አየዋለሁ› ነው። እኔ እንደ ሙሽራ አሽሞንሙኜ ባመጣልሽ፣ አንቺ ዛፍ ታያለሽ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የጥበቃ ድርጅቱ ሾፌር ናሙና ሊያደርስ መጥቶ ነበር። ፉጨት ዛሬ ከሰዓት ይሄዳል አለኝ። ከድርጅቱ የጭነት መኪና ጋር፣ ሩቅ ወዳለው ቅርንጫፍ። ራሱ ነው አሉ አዛውሩኝ ብሎ የጠየቀው።»

ሐኪሟ ፊቷን መልሳ ወደ መስኮቱ አዞረች። ደረቷ ላይ አንድ ከባድ ነገር ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ተነሥ ብትለው የሚነሣ አልነበረም።

ፉጨት የሚሉት የጥበቃ ድርጅቱን ውሾች የሚያሠለጥነውን ሰው ነው። ጮኾ ውሻ አዝዞ አያውቅም፤ በከንፈሩ በቀስታ ሲያፏጭ ትልልቆቹ ውሾች እንደ ሕፃን ተሰልፈው ይቀመጣሉ። ሐኪሟ ለክትባት ወደ ግቢያቸው የሄደች ዕለት ውሾቹን አንድ በአንድ አቅፎ የያዘላት እሱ ነበር። ከመርፌና ከውሻ ጀርባ በላይ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ከዚያ ወዲያ አንዳቸውም በሰላም መተኛት አልቻሉም። ናሙና በላከ ቁጥር በሳጥኑ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት አይጠፋም ነበር። «ለዶክተርዬ፦ ናሙናው በበረዶ ታሽጎ በደህና ይደርሳል። ላኪው ግን ደህና አይደለም።» እሷም በውጤቱ ጀርባ ላይ ትመልሳለች፦ «ናሙናው ጤነኛ ነው። ላኪው በአካል ቀርቦ ይመርመር።»

ይህን ሁሉ ጊዜ የደበቁት ከእናቷ ነው። እናቷ የዳኛ ሚስት ነበሩ፤ አሁን ባላቸው የሞተባቸው፣ ራሳቸውም ትምህርት ቤት ሲያስተዳድሩ ኖረው በጡረታ የተቀመጡ ሴት ናቸው። ስለ ፉጨት ሲነገራቸው «ውሻ ጠባቂ» ብለው ዝም አሉ፤ ዝምታቸውም ከስድብ የባሰ ነበር። በመጨረሻ ግን የልጃቸው ፊት መገርጣት አንጀታቸውን በላውና «እሑድ ይምጣ፣ ልየው» አሉ።

እሑድ መጣ። አዲስ ጫማ ገዝቶ፣ ከሾፌሩ ሙሉ ልብስ ተውሶ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ መጣ። ከሶፋው ጫፍ ላይ እንደ ተከሳሽ ተቀምጦ ሳለ የቤቱ ውሻ የወለደቻቸው ሦስቱ ቡችሎች ከደረጃው ሥር ወጥተው ከበቡት። ከሁሉም ትንሹና ወፍራሙ፣ ድንቡሼ የሚሉት፣ የጫማውን ክር በጥርሱ ፈታና እቅፉ ውስጥ ገብቶ ተኛ። ሐኪሟ እናቷን በዓይኗ ጥግ አየቻቸው፤ ከንፈራቸው ሊፈግግ ሲል ያዙት። የዚያን ቀን ማታ ልቧ ውስጥ ሙሉ ቤተሰብ አስገብታ ተኛች።

ማክሰኞ አንዱ ቡችላ ወተት አልላስ አለ። ማስመለስ ጀመረ፤ ተቅማጡም ደም ቀላቀለ። ረቡዕ ሞተ፤ ዛሬ ማይክሮስኮፑ ሥር ያለው እሱ ነው። በማግሥቱ ሁለተኛው ተከተለው፤ ድንቡሼም ታመመ። ፓርቮ የሚሉት፣ ቡችላ የሚፈጀው ቫይረስ ነበር። ፉጨት ወሬውን ሰምቶ ጉሉኮስ በክንዱ ታቅፎ እየሮጠ ሲመጣ እናትዮዋ የግቢው በር ላይ ጠበቁት።

«እግርህን ከደጄ አንሣ» አሉት። «ይህ ቤት እስከ እሑድ ድረስ በሽታ አያውቅም ነበር።»

«እትዬ፣ እኔ ከሆንኩ…» አለና አልጨረሰውም። በእሱ ግቢም በቅርቡ ወጣት ውሾች ታመው ድነዋል። አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እናቲቱን ሳይሆን ልጅቱን ተመለከተ። በዚያች ቅጽበት አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ሐኪሟ ግን ዓይኗ ወደ እግሩ ወረደ።

«የእሑዱን ጫማ… በውሾቹ ግቢ አድርገኸው ነበር?» አለችው።

ጉሉኮሱን ከበሩ ሥር ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ሄደ። ጥያቄው የሙያ ጥያቄ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም ፍርድ መሆኑን አውቀዋል። ሐኪሟን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሣት የቡችሎቹ ሞት ብቻ አልነበረም፤ ያ የወረደ ዓይኗ ነው።

«በይ እሺ» አለች አሁን ለራሷ፣ ወንበሯንም ወደ ማይክሮስኮፑ አስጠጋች።

መጀመሪያ ያየችው ከጉሮሮው የተወሰደውን ነው። የፓርቮ መንገድ ከዚያ ይጀምራል። ቡችላ ዓለምን የሚያውቀው በምላሱና በአፍንጫው ነው፤ መሬት ይልሳል፣ ጨርቅ ያኝካል፤ ቫይረሱም በዚያው ይገባል። ይህ ቫይረስ ራሱን የሚያበዛበት የገዛ መሣሪያ የለውም። ለመከፈል የተዘጋጀ ሕዋስ ፈልጎ ሰተት ብሎ ይገባና በባለቤቱ ዕቃ ራሱን ያባዛል። ስለዚህ ያረፈና የተረጋጋ አካል አይስበውም፤ የሚፈልገው አዲስ ሕይወት የሚፈላበትን ቦታ ነው። መጀመሪያ በቶንሲሉና በጉሮሮው አካባቢ ባሉ ንፍፊቶች ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ይረባል። ቡችላው በዚያ ጊዜ ይጫወታል፣ ይበላል፣ የእንግዳ ጫማ ክር ይፈታል። ከዚያ ቫይረሱ ደም ውስጥ ይገባል፤ ደሙም ሁሉም ቤት ያደርሰዋል።

ሁለተኛው ስላይድ የሰውነት መከላከያ ከሚሠለጥንበት ከደረቱ እጢ የተወሰደ ነበር። ተሟጦ፣ እንደ ደረቀ ፍሬ ተኮማትሯል። ሦስተኛው መቅኔው ነበር፦ ነጭ የደም ሕዋሳት ተወልደው ለሰውነት ዘብ የሚወጡበት ቤት። ባዶ ነው። ወታደሩ ሁሉ አልቆ ሰፈሩ ብቻ ቀርቷል።

አንጀቱን ለመጨረሻ አቆይታው ነበር። በጤነኛ ትንሽ አንጀት ግድግዳ ላይ ጣት የመሰሉ ጥቃቅን እጥፎች ተደርድረው ምግቡን ይመጥጣሉ። ከሥራቸው ጉድጓዶች አሉ፤ ያረጀውን የጣት ቆዳ የሚተኩት አዳዲስ ሕዋሳት የሚወለዱት እዚያ ነው። ፓርቮ ጉድጓዶቹን ሲያወድም ጣቶቹ ተተኪ ያጡና ይወድቃሉ፤ ግድግዳው ራቁቱን ይቀራል፤ ውኃና ደም ወደ ውጭ ይፈሳል፣ የአንጀት ውስጥ ባክቴሪያም ወደ ደም ይሻገራል። የሚያስቆመው ዘበኛ ደግሞ መቅኔው ውስጥ የለም። ቡችሎች የሚሞቱት እንዲህ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት በር ተከፍተው።

ሐኪሟ የወደቁትን ጣቶች አየች። ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ተከተለች። ከዚያ እጇ ማስተካከያው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከወደሙት ጉድጓዶች መካከል አንዳንዶቹ እንደገና መገንባት ጀምረው ነበር። አዳዲስ ሕዋሳት ጥቅጥቅ ብለው፣ ተጋፍተው፣ የፈረሰውን ሊጠግኑ ተሰልፈዋል። ትንሹ ሰውነት ሳይታወቅለት ሲታገል ነበር የከረመው። ቤት ፈርሶ፣ ፍርስራሹ ተጠርጎ፣ መሠረት እንደገና መጣል ሲጀመር ጊዜ ይወስዳል። እሑድ የገባ ቫይረስ ረቡዕ ቢበዛ ከጉሮሮ ወጥቶ ደም ውስጥ እየዋኘ ይሆናል እንጂ እዚህ አይደርስም። መቅኔን አራቁቶ፣ አንጀትን አፍርሶ፣ ጥገና እስኪጀመር አይደርስም።

«አክስቴ» አለች ዞር ብላ። «እሱ አይደለም።»

«ማን?»

«ፉጨት። እሱ አይደለም ያመጣው። ቀድሞ ውስጣቸው ነበር። እቅፉ ውስጥ ሲተኛ ድንቡሼም ታሞ ነበር ማለት ነው።»

አክስቴ ጓንቷን አወለቀች። «እና ምን ያስቀምጥሻል?»

ሐኪሟ ተሸክማው የቆየችው ሸክም ከላይዋ ሲወርድ ተሰማት፤ ልትስቅ አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት አክስቴ ወደ ጥጉ ባልዲ ዞራ ነበር። የላቦራቶሪው ጋዋን ሁሉ ከመታጠቡ በፊት እዚያ በረኪና ውስጥ ይዘፈዘፋል። «ከመሄድሽ በፊት ጋዋንሽን እዚህ ጣዪው» አለች፣ ሌሎቹን በዱላ እያማሰለች። «ያቺን ኪሷ የተቀደደውንም ወዲያ ወዲህ እንዳትጥያት። አሮጌ ብትሆንም እዚሁ ነው የምትዘፈዘፈው።»

ሐኪሟ የተከፈተ አፏን መልሳ ዘጋች።

ኪሱ የተቀደደው ጋዋን ቤቷ ነው። ቡችሎቹ እንደተወለዱ ሰሞን ብርዱ በርትቶ ከደረጃው ሥር ሲያለቅሱ፣ ለሥራ የማይሆነውን አሮጌ ጋዋን በፌስታል ጠቅልላ ወስዳ አነጠፈችላቸው። አጥባዋለች፣ በፈላ ውኃና በሳሙና፣ ደግማ ደጋግማ። በረኪና ግን አልነካውም። እናቷ ደረታቸውን ስለሚያማቸው፣ የበረኪና ሽታ ሲነካቸውም ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው፣ ያ ነገር ቤታቸው ገብቶ አያውቅም። ፓርቮ ደግሞ ለሳሙና ግድ የለውም። ከእናታቸው ወተት ያገኙት መከላከያ እስኪሳሳ ድረስ በጨርቁ ክር ውስጥ ተኝቶ ጠብቋቸዋል። እሷ ይህን ለተማሪዎች ታስተምራለች። ጋዋኑን ያነጠፈችው ግን ሐኪም ሆና አልነበረም፤ ሽታዋን ሲያገኙ ጸጥ ስላሉላት ነበር።

እፍረት ከደስታዋ ጋር ተጋጭቶ ደረቷ ውስጥ ቦታ ተሻማ። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አትችልም ነበር።

እቤቷ ስትደርስ እናቷ ሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከወንበር ዝቅ ብለው የማያውቁ ሴት ናቸው። ድንቡሼ ፎጣ ላይ ተጋድሞ፣ የጉሉኮሱ ከረጢት ከመጋረጃው ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እሳቸው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ጠብታውን ያያሉ። የቡችሎቹ እናት አጠገባቸው ተኝታ ታዝናለች።

«እማዬ፣ እሱ አይደለም» አለች ሐኪሟ፣ ገና ከበሩ።

እናቷ ቀና አላሉም። «ማነው እሱ ያልሆነው?»

«በሽታውን ያመጣው። እሱ ከመምጣቱ በፊት ቡችሎቹ ውስጥ ነበር። ዛሬ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«የወደደ ዓይን ብዙ ነገር ያያል።»

«ማይክሮስኮፕ ማንንም አይወድም፣ እማዬ። አንድ ተማሪ እሑድ ተመዝግቦ ረቡዕ አጠናቅቄያለሁ ብሎ ቢመጣሽ ምን ትይዋለሽ?»

«አጭበርባሪ እለዋለሁ።»

«እኔም ያንን ነው የምልሽ። ያየሁት ጉዳት የሦስት ቀን ሥራ አይደለም። ከጉሮሮ ተነሥቶ፣ በደም ዞሮ፣ መቅኔና አንጀት እስኪያፈርስ ድረስ የከረመ ነው።» ከእናቷ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ሳልሆን አልቀርም ያመጣሁት። ያ ያነጠፍኩላቸው ጋዋን ከላቦራቶሪ የወጣ ነው። በበረኪና አልነከርኩትም።»

እናቷ ዓይናቸውን ከጠብታው አነሡ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ጉልበት ያዙ። «አንቺማ እንዲሞቃቸው ብለሽ ነው» አሉ በለሆሳስ። «ማን ይፈርድብሻል?»

«እሱስ ምን ብሎ ነበር የመጣው፣ እማዬ?»

እናትዮዋ እጃቸውን ሰበሰቡ። ፊታቸው ላይ የዳይሬክተርነቱ ግርማ ሁሉ ሲወድቅ ሐኪሟ አየች፤ ልክ እንደ ደከመ ሰው ትከሻቸው ዝቅ አለ።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አሉ። «በሽታው ባይመጣ ሌላ ነገር እፈልግለት ነበር። ልብሱ የውሰት ነው እል ነበር፤ እጅጌው አጥሮት አይቻለሁ። እሑድ ይሄ ቡችላ እቅፉ ውስጥ ሲተኛ እግሩን እንኳን አላንቀሳቀሰም። እንዳይቀሰቅሰው ብሎ እግሩ እስኪደነዝዝ ተቀመጠ። ሲነሣ እያነከሰ ነው የወጣው። ያኔ ወደድኩት። መውደዴ ነው ያናደደኝ። ‹እኔ ለዚህ ነው ያሳደግኳት?› አልኩ። ከዚያ ቡችሎቹ ሲሞቱ… ምክንያት አገኘሁ።»

«ዛሬ ይሄዳል፣ እማዬ። ለሁልጊዜው።»

«ደውዪለታ።»

«በስልክ የሚነገር አይደለም። ዓይኔን ነው ያወረድኩበት፤ በዓይኔ ነው የምነግረው።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ። ጠብታውን እኔ አያለሁ። አርባ ልጆች በአንድ ክፍል ጸጥ አሰኝቻለሁ፣ አንድ ቱቦ አያቅተኝም።» ሐኪሟ ተነሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ጠሯት። ዘወር ስትል በእጃቸው ብቻ ሂጂ አሏት።

የጥበቃ ድርጅቱ ግቢ በሽቦ አጥር የተከፋፈለ ነው። የጭነት መኪናው ሸራና የደንብ ልብስ ተጭኖበት፣ ሞተሩ ተነሥቶ ይንተከተካል። ፉጨት ከአጥሩ ወዲያ፣ ከውሾቹ ጋር ነበር። አንዱን ትልቅ ውሻ አንገቱን እያሻሸ አንድ ነገር በጆሮው ይነግረዋል። ሐኪሟን ሲያያት እጁ ቆመ።

«እዚያው ቁሚ» አላት።

እግሯ መሬት ላይ ተተከለ። ይህ ቃል እንደሚገባት ታውቃለች፤ ቢሆንም ሲነገራት አንጀቷን ቆረጠው።

«ልታናግረኝ አትፈልግም?»

«እንዳትጠጊኝ ነው የምልሽ። ድንቡሼ እቤት አለ። ከእኔ ደግሞ ሌላ ነገር ይዘሽበት ትገቢያለሽ።» ከዚያ የፈራውን ጥያቄ አወጣው። «በሕይወት አለ? አለ አይደል?»

«አለ። እማዬ ከወለል ላይ ሆና ትጠብቀዋለች።»

«እትዬ? ከወለል ላይ?» ዓይኑ ፈጠጠ። ባዶ እግሩን ነጠላ ጫማ ማድረጉን ያኔ ነው ያስተዋለችው።

«ጫማህስ?»

«አቃጠልኩት።»

«አዲሱን?»

«ለአንድ ቀን ያደረግኩትን። ሙሉ ልብሱንም ልጨምረው ስል ሾፌሩ ‹ውሰት ነው፣ በሞቴ› ብሎ ከእጄ ነጠቀኝ።» ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

ሐኪሟ የሽቦውን አጥር በሁለት እጇ ያዘች። «ፉጨት፣ ስማኝ። ስለ እኔ የምጠረጥረው አለ፤ ስለ አንተ ግን የማውቀው ነው። አንተ አይደለህም። ቡችላውን ከፍቼ አይቼዋለሁ። በሽታው አንተ ቤታችን ከመግባትህ በፊት ውስጡ ነበር። ምናልባት እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ ባነጠፍኩላቸው አሮጌ ጋዋን። አንተ ግን አይደለህም።»

ፉጨት አልተንቀሳቀሰም። ደስ ይለዋል ብላ ስትጠብቅ ፊቱ ይበልጥ ጠቆረ።

«ዛሬ ነው የነገርሽኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ማይክሮስኮፕሽ ከነገረሽ በኋላ።»

«አዎ።»

«እናትሽ ያሉኝ አልጎዳኝም፣ ዶክተርዬ። ሰው ሲያዝን በእጁ ያለውን ይወረውራል። ለምጄዋለሁ። አንቺ ግን ጫማዬን አየሽ። እኔ ዓይንሽን እያየሁ ቆሜ፣ አንቺ ጫማዬን አየሽ።»

«አዎ» አለች እንደገና። በመንገድ ላይ ስትደረድረው የመጣችው ቃል ሁሉ ጠፋት። «ማስተባበያ የለኝም። ሐኪም ነኝ ብዬ መሸሸግ እችል ነበር። ግን ያን ጊዜ ሐኪም አልነበርኩም፤ ፈሪ ነበርኩ። ትንሽ ብቻ ብታገሥ፣ አጠገብህ ብቆም፣ በኋላ ቢሆንም እንመረምረው ነበር። አልቆምኩም። ብትሄድ አልፈርድብህም። የመጣሁት እንዳትሄድ ብዬ ብቻ አይደለም። ጥፋተኛ ነኝ እያልክ እንዳትሄድ ነው።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነካ አደረገው። ፉጨት ወደ መኪናው አላየም፤ ወደ እሷም አላየም። ውሻው አፍንጫውን መዳፉ ውስጥ ከተተ።

በዚያው መሐል የሐኪሟ ስልክ ጮኸ። እናቷ ነበሩ። «ስጪው» አሉ፣ ሰላምታም የለ። ስልኩን በሽቦው ቀዳዳ አሾልካ ሰጠችው። የእናትዮዋ ድምፅ ትምህርት ቤት ያስተዳደረ ድምፅ ነውና ስልኩ ጆሮው ላይ ሆኖም ከአጥሩ ወዲህ ይሰማል።

«አንተ» አሉት።

«አቤት፣ እትዬ።»

«ይሄ ጉደኛ ቡችላህ ቀና ቀና ማለት ጀምሯል። መርፌውን በጥርሱ ሊነቅለው ይታገለኛል። ቱቦውን ስይዝበት ያጉረመርምብኛል። እንዴት ነው ጸጥ የሚያደርጉት?»

«አንገቱን ከጆሮው ሥር ያሹለት፣ እትዬ። ቀስ ብለው። እንዳይጠላው አያስገድዱት።»

«ሞከርኩ። እኔን አልፈለገኝም።» ስልኩ ውስጥ ትንፋሻቸው ይሰማል። «መኪናህ መቼ ነው የሚነሣው?»

«አሁን ነው። ተነሥቷል።»

«እንግዲያው ይሂዳ።»

ፉጨት ወደ መኪናው ዞረ።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቁኝ ነው የኖርኩት፤ መጠየቅ አልተማርኩም» አሉ እናትዮዋ። «በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ብጀምረው አያምርብኝም። በሩን ከፍቼዋለሁ። ታጥበህ፣ ተለቃልቀህ ና። ሁለተኛ በእጄ አልዘጋብህም፣ ልጄ።»

ስልኩ ተዘጋ። ፉጨት ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ተሰባሪ ዕቃ እያየው፣ ከኋላው ባለው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

ሐኪሟ የአጥሩን በር ከፍታ ገባች። አልከለከላትም። «ከዚህ ስንወጣ እንታጠባለን» አለችው፣ ከፊቱ በእግሯ ጣት ቁጢጥ ብላ። «ልብስም ጫማም እንቀይራለን። ከዚያ ነው ድንቡሼን የምንነካው።»

«ድገሚልኝ» አላት።

«ምኑን?»

«መንገዱን። በሽታው የሄደበትን።»

ደገመችለት። ለተማሪ እንደምታስረዳ ሳይሆን፣ ለሕፃን ተረት እንደሚነገረው በዝግታ ነገረችው። በአፍ መግባቱን፣ ከጉሮሮ ንፍፊቶች ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ መርባቱን፣ ደም ይዞት መዞሩን፣ መቅኔን ማራቆቱን፣ የአንጀትን ጉድጓዶች ማፍረሱን። ሕዋሳቱ እንደገና መገንባት ጀምረው እንደነበርም ነገረችው። ያ ሁሉ እሱ አዲሱን ጫማ ከመግዛቱ በፊት ተጀምሮ የነበረ መሆኑን ስትነግረው ውሻውን ወደ ራሱ ሳበው።

«ልቡስ?» አለ። «ልቡን አልነካውም?»

«አልነካውም። ልብን የሚያገኘው በጣም ጨቅላ ሳሉ ነው። የእነሱ ዕድሜ ያንን አልፎ ነበር። ልባቸው ደህና ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ለሁለቱ ቡችሎች እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰም ነበር፤ ለሐኪሟ ይህ አሁን ነው የገባት። ገደልኳቸው ብሎ ያመነ ሰው በሟቹ ላይ ማልቀስ ያፍራል። ሐዘኑን ሁሉ ዋጥ አድርጎ፣ መብቱ እንዳልሆነ ዕቃ ደብቆት ነበር የከረመው።

«እንግዲያው ባለቅስላቸው ነውር የለበትም?» አላት።

«የለበትም» አለችው። «አልቅስላቸው።»

ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አስደግፎ አለቀሰ። ሾፌሩ ደግሞ ጥሩምባውን ነፋ፤ ፉጨት ቀና ሳይል በአንድ እጁ ሂድ አለው፣ በሌላው እጁ የሐኪሟን እጅ ይዞ። እሷም ፀጉሩን እየዳበሰች፣ ከጋዋኑም ከቡችሎቹም ጸጸት ጋር፣ ይህ ሰው እሷ ላይ ተደግፎ ማልቀስ መቻሉን ስታስብ በሕይወቷ ተሰምቷት የማያውቅ ፍቅር ሰውነቷን ሞላው።